ሊቀ መራጮች ዓምሃ እና የእትዬ ብርቅነሽ ስልክ

አዲስ አበባ ውስጥ መራጭ የሌለበት ሰፈር የለም። ዕድር የሌለው ሰፈር ይኖር ይሆናል፤ ውሃ የማይመጣበትማ ሞልቷል። መራጭ የሌለበት ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አልተቆረቆረም። ሰውዬውን ታውቁታላችሁ። ቲማቲም ሊገዛ ገብቶ ሳጥኑን ከታች ወደ ላይ የሚገለብጠው እሱ ነው። ፀጉር ቤት ተራው ሲደርስ «እስቲ መጀመሪያ እሱን ቁረጠው፤ አቆራረጥህን ልየው» የሚለው እሱ ነው። ምግብ ቤት ሁላችንም በልተን እጃችንን ስንታጠብ እሱ ገና ከአስተናጋጇ ጋር ስለ ሽሮው ይመካከራል።

የእኛ ሰፈር፣ ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ወደ ላይ ስትወጡ ያለው ዳገት፣ በዚህ በኩል የታደለ ነው። የደረሰን ተራ መራጭ አይደለም። እኔ በራሴ ሥልጣን «ሊቀ መራጮች» የሚል ማዕረግ ሰጥቼዋለሁ፤ ሊቀ መራጮች ዓምሃ። ሥራው ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት መቆጣጠር ነው። ቀኑን ሙሉ ሸሚዝ እየገለበጠ ስፌት ሲመረምር ይውልና ቤቱ ሲገባ የቀረውን ዓለም መገልበጥ ይጀምራል። የእኔንና የእሱን ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። አጥሩን ቀለም ልንቀባ ከተስማማን ሁለት ዓመት አልፎናል። ቀለሙን የሚመርጠው እሱ ነው።

«ገና እያየሁት ነው» ይላል።

ይህችን አነጋገር ሰፈሩ በሙሉ በቃሉ ይዟታል። አንድ ክረምት ጃንጥላ ሊገዛ ማየት ጀመረ። እያየ ሳለ መስከረም ጠባ፤ ጃንጥላም አላስፈለገውም። በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ የጃንጥላው ዓይነት ተቀይሮ ስለጠበቀው ከመጀመሪያው ጀመረ። ሁለቱንም ክረምት በፌስታል ተከናንቦ አለፈው። ሱቅ ያለው ሙዘይን፣ እንደ እሱ ታጋሽ ነጋዴ በዚህ ዳገት ላይ አይገኝም፣ ለዓምሃ ብቻ የሚሆን በርጩማ ከመደርደሪያው አጠገብ አስቀምጦለታል። የሳሙና ጉዳይ ከሆነ ተቀምጦ እንዲያስብበት ነው። ስለ ትዳሩ አትጠይቁኝ። እሱንም ገና እያየው ነው።

እኔ የተገላቢጦሽ ነኝ። የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው፤ ማተሚያ ቤት ደግሞ የሚፈለግብህ ማድረስ ነው። የሠርግ ጥሪ ከሠርጉ በኋላ ቢደርስ ምን ያደርጋል? እና እኔ ጫማ የምገዛው ታክሲ ሳይሞላ ነው። ባለቤቴ ዓለምፀሐይ ሁለታችንን ቀላቅሎ አንድ ሰው የሚያወጣ ቢገኝ ጥሩ ባል ይወጣን ነበር ትላለች።

እንግዲህ የስልኩ ነገር የመጣው ባለፈው ፋሲካ ነው።

ከእኛ ቀጥሎ ባለችው ቤት እትዬ ብርቅነሽ ይኖራሉ፤ ብቻቸውን፤ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። አንድ ልጃቸው ሩታ ድሬዳዋ ነው የምትሠራው። ለበዓሉ ስትመጣ ለእናቷ ዘመናዊ ስልክ ይዛ መጣች፤ ቁልፍ የሌለውን፣ በጣት የሚዳሰሰውን። ሐሳቧ መልካም ነበር። የእትዬ ብርቅነሽ ዓይን ግን ሞራ ወጥቶበታል፤ ጣታቸውም እንደ ልብ አይታዘዝም። ስልኩ ደግሞ ፊቱ ላይ አርባ ትንንሽ ሥዕሎች ደርድሮ ይጠብቃቸዋል። ሩታ ጋ ልደውል ሲሉ ካሜራው ይከፈትና የገዛ አገጫቸውን ያሳያቸዋል። አንድ እሑድ የንስሐ አባታቸው ቅዳሴ ላይ ሳሉ እትዬ ሳያውቁት ሦስት ጊዜ ደወሉላቸው። «ስነካው ይሸሸኛል» ይሉ ነበር፣ ስለ ዶሮ እንደሚያወሩ።

ሩታ ከመመለሷ በፊት ጉዳዩን ለዓምሃ አደራ አለችው። ሰፈራችን ውስጥ ስልክ ነክ ነገር ሁሉ ወደ እሱ ነው የሚሄደው። የራሱን ስልክ ለመግዛት አራት ዓመት ሲመርጥ በገበያ ላይ ያለውን ሁሉ አጥንቷልና።

ዓምሃ ስልኩን አገላብጦ አየና ሌላ ስልክ እንደማያስፈልግ፣ መቀየር ያለበት ላውንቸሩ እንደሆነ ፈረደ። እኔ ቃሉን የሰማሁት ያን ቀን ነው። እንዳስረዳኝ ከሆነ ላውንቸር ማለት ስልኩን ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ገጽ ነው፤ ሥዕሎቹ የሚደረደሩበት፣ ከዚያ ተነስታችሁ ወደ ሌላው ሁሉ የምትሄዱበት። ስልኩ ይዞት የመጣውን ትታችሁ ሌላ መጫን ትችላላችሁ። ቤቱ ያው ቤት ነው፤ በሩና መደርደሪያው ግን እንደ ነዋሪው ይሠራል። ለሽማግሌ የሚሆን አለ፣ ለችኩል የሚሆን አለ፣ ጌጥ ለሚወድ አለ።

ስንት ዓይነት እንዳለ ጠየቅኩት።

«መቶዎች» አለ። ይህን ሲል ፊቱ ላይ ያየሁትን ብርሃን የማየው ለትንሣኤ ሌሊት ብቻ ነው።

በማግሥቱ ባለ ካሬ ደብተር ገዛ። (ደብተሩንም ለመምረጥ ምን ያህል እንደቆየ ሙዘይን ይናገር።) ለእያንዳንዱ ላውንቸር አንድ ገጽ መደበለት። በራሱ ስልክ ላይ ይጭነውና አንድ ሳምንት ሙሉ አብሮት ይኖራል። ያም ብቻ ቢሆን ጥሩ። ነገሩን በእትዬ ብርቅነሽ ዓይን ማየት አለብኝ ብሎ አሮጌ መነጽሩን ቫዝሊን ቀባው፤ ጣታቸውን እንዲመስልለት አውራ ጣቱን በፕላስተር ጠቀለለ። እንዲህ ሆኖ ታክሲ ውስጥ ስልክ ሊደውል ሲታገል መውረጃውን አልፎ ሽሮ ሜዳ ደረሰ። ረዳቱ ዓይነ ስውር መስሎት እጁን ይዞ መንገድ አሻገረው። ዓምሃ ይህን ደብተሩ ላይ መዝግቦታል፤ በላውንቸሩ ጉድለት ሥር።

ማታ ማታ በአጥሩ በኩል ሪፖርት ይሰጠኝ ጀመር። አንደኛው ሥዕሎቹን በክብ ስለሚያዞራቸው ሰው ያጥወለውላል። ሁለተኛው ፊደሉን ከማሳደጉ ብዛት የሰው ስም ግማሹን ቆርጦ ያስቀራል፤ ብርቅነሽ «ብርቅ» ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ሌላው ደግሞ የስልክ ቁጥሮችህን ሁሉ ልይ፣ የት እንዳለህ ልወቅ፣ ፎቶህን ልክፈት ይላል። ዓምሃ በዚህኛው በጣም ነበር የተቆጣው። ጥበቃ ልቅጠር ብትል ገና በሩ ላይ ቆሞ የቁም ሳጥንህን ቁልፍ የሚጠይቅህን ሰው ታስገባዋለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላስገባም አልኩት። «ታዲያ!» አለኝ፣ እኔ ራሴ እንደጫንኩት ሁሉ።

ግንቦት አለፈ። ሰኔም ተጋመሰ። እትዬ ብርቅነሽ መደወል ሲፈልጉ በአጥር ይጣሩና ዓለምፀሐይ ሄዳ ትደውልላቸዋለች። ስልካቸው የት ደረሰ ብለው ዓምሃን ሲጠይቁት ትሕትና በተሞላበት ድምፅ «ገና እያየሁት ነው፣ እትዬ» ይላቸዋል። እሳቸውም ይመርቁታል። ስምንተኛው ላውንቸር ላይ ሲደርስ እኔ ትዕግሥቴ አለቀ። መራጭ ይወድቃል ከምራጭ ብዬ ለዓለምፀሐይ ተረትኩላት። እሷ ግን ተወው፣ እሱ ቢያንስ አላጠፋም አለችኝ። ሚስት እንዲህ ስትል መስማት ነበረብኝ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ እትዬ ብርቅነሽ ቤት ገባሁና ስልኩን አምጡት አልኳቸው። የአፕ መደብሩን ከፈትኩ፣ ለአረጋውያን የሚሆን ብዬ ፈለግኩ፣ ብዙ ኮከብ ያለውን የመጀመሪያውን ጫንኩ። ስድስት ትልልቅ ሳጥን አለው፤ በየሳጥኑ የሰው ፎቶ ይገባል። የሩታን፣ የእኔን፣ የዓለምፀሐይን፣ የዓምሃን፣ የሙዘይንን፣ የንስሐ አባታቸውን ፎቶ አስገባሁ። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ፎቶውን ሲነኩ ሰውየው ጋ ይደወላል፤ አለቀ። እትዬ ብርቅነሽ እጄን ይዘው እግዚአብሔር ያክብርህ አሉኝ። ወደ ቤት ስመለስ ደረቴ ከአጥሩ በላይ ነበር።

ዓምሃ ከሰዓት መጣ። ነገርኩት፤ ትንሽም አሳረርኩት። ሁለት ወር የፈጀብህን በዐሥር ደቂቃ ጨረስኩልህ ያልኩት ይመስለኛል። አልተቀየመም። ራሱን ነቀነቀና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«እሳቸውን ጠየቅካቸው?»

ምኑን ነው የምጠይቃቸው አልኩት። ፎቶ ነው፤ ፎቶ ማን ይስተዋል።

ሐምሌ ገባ። በዚህ ዳገት ላይ ሐምሌ ማለት ከእንጦጦ የሚወርድ ጎርፍ፣ ቦዩን የሚዘጋ የባሕር ዛፍ ቅጠልና እንደ ሳሙና የሚያንሸራትት ድንጋይ ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ እትዬ ብርቅነሽ ከቤታቸው ጀርባ የልብስ መዘፍዘፊያውን ውሃ ሊደፉ ሲወጡ አዳለጣቸው። በቀኝ እጃቸው ላይ ወደቁ። የእጃቸው አንጓ ወዲያው አበጠ፤ መነሳትም አቃታቸው። ስልኩ የሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ነበር። አወጡት።

የሆነውን በኋላ እሳቸው እንደነገሩን ልንገራችሁ። ስልኩን ሲከፍቱ ስድስት ፊት ያያሉ፤ ስድስቱም አንድ ፊት ናቸው። ጭጋግ ውስጥ የቆመ ሰው ታዩ እንደሆነ፣ ጠይም ነገር ከላይ ጠቆር ያለ ነገር። ማን ሩታ እንደሆነች፣ ማን እኔ እንደሆንኩ አይለዩም። እስከዚያ ቀን ይደውሉ የነበረው በግምት ነበር፤ የተሳሳተ ሰው ሲያነሳ ሰላም ብለውት ይዘጋሉ። ይህን ለእኔ መንገር ግን አፍረው ነበር፤ ደክመህ የሠራኸውን እንዴት አይረባም ልበልህ ነው ያሉኝ። ያን ዕለትም አንዱን ፊት ነኩ። ከመደወሉ በፊት ግን ከላዩ ላይ ማስታወቂያ ሸፈነው፤ የሚያብረቀርቅ፣ ከረሜላ የሚያፈነዳ ጨዋታ። እኔ የጫንኩት ላውንቸር በነጻ የተሰጠው ለካ በዚህ ነው። መዝጊያው ከላይ ጥግ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ምልክት ናት። እሳቸው ነኩት፣ ሌላ መጣ። እሱንም ነኩት፣ ሌላ መጣ። በመጨረሻ ተዉትና ሰው ጠሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነበር። ዓለምፀሐይ ገበያ ሄዳለች፤ እኔና ዓምሃ ሥራ ነን።

ሙዘይን ነው ያዳናቸው። እትዬ ብርቅነሽ በየቀኑ ከሦስት ሰዓት በፊት ሁለት ዳቦ ይወስዳሉ። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ዳቦዎቹ እንዳሉ መሆናቸውን አየና ሱቁን ዘግቶ ሄደ። እንደዚህ ዓይነት ሰው ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ድንጋዩ ላይ ዝናብ ሲመታቸው ቆይተዋል። ስልኩ ጭናቸው ላይ ነበር፤ ከረሜላው ገና እየፈነዳ።

ሐኪም ቤት የደረስኩት እጃቸው ጀሶ ሲገባለት ነው። ዓምሃ ቀድሞኝ መጥቶ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ደብተሩን ይዟል። ከፋብሪካ በቀጥታ እንደመጣ ግልጽ ነው፤ ደብተሩን ወደ ሥራም ይዞት ይሄድ ነበር ማለት ነው። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ይናገረኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር። ሩታም በስልክ ስላደረግከው ሁሉ አመሰግናለሁ፣ ጋሽ መሳይ ነው ያለችኝ፤ ያችን ምስጋና ዛሬም ሳስባት ጆሮዬ ይግላል።

ደብተሩን ከእጁ ወሰድኩና ማገላበጥ ጀመርኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ደረስኩ። የላውንቸሩ ባሕርይ በዝርዝር ተጽፏል። ጥቁር መደብ፣ አራት ወይም አምስት ትልልቅ ሳጥን፣ ሥዕል የለውም፤ ሳጥኑ ላይ የፈለጉትን ራስዎ ይጽፋሉ። ማስታወቂያ የለውም። ኢንተርኔትም አይጠይቅም። ከሥሩ በዓምሃ ጥርት ያለ የእጅ ጽሑፍ «ይህ ይሆናል» ይላል። ቀኑ ግንቦት ስድስት ነው።

ደሜ ፈላ። ግንቦት ስድስት አግኝተኸው ነበር ወይ አልኩት። ከዚያ በኋላ ሌላ አምስት የሞከርከው ለምንድን ነው?

ዓምሃ የጥፍሩን ዳር ሲያይ ቆየ። ሲናገር ወለሉን እያየ ነው።

«እ... ምን መሰለህ፣ መሳይ። ይኼ ነው ካልኩ በኋላ ከተበላሸ የእኔ ጥፋት ነው የሚሆነው። እያየሁት እስካለሁ ግን የማንም አይደለም።»

ዐሥራ ስድስት ዓመት ጎረቤቴ ነው። ስለ ጃንጥላው፣ ስለ አጥሩ ቀለም፣ ስለዚያች «ገና እያየሁት ነው» ስላላት ትዳር ስንት ጊዜ አስቄበታለሁ። ሰውየው ፈርቶ እንደሆነ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ግን ንዴቴ ገና አልበረደም ነበርና የራሱን ጥያቄ መለስኩለት። አንተስ ጠየቅካቸው ወይ አልኩት። መነጽር ቫዝሊን ከመቀባት፣ ታክሲ ውስጥ ከመታወር፣ ቤታቸው ዐሥር እርምጃ ነው፤ ገብተህ ጠየቅካቸው?

«አልጠየቅኳቸውም» አለ። «ከጠየቅኳቸው ይነግሩኛል። ከነገሩኝ መምረጥ አለብኝ።»

ሁለታችንም ጀሶ የሚገባልን መስለን ተቀመጥን። አንዱ ሳይጠይቅ ቸኩሎ፣ አንዱ ሳይጠይቅ ዘግይቶ፤ በመሃል አንዲት ሴት ዝናብ ላይ።

ቅዳሜ ጠዋት አብረን ሄድን። እትዬ ብርቅነሽ ቀኝ እጃቸውን ትራስ ላይ አስደግፈው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዓምሃ ደብተሩን አዲስ ገጽ ላይ ከፈተ፤ እስክሪብቶው ግን አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻ ማን ጋ ነው መደወል የሚፈልጉት፣ መጀመሪያ ማን ጋ፣ ከዚያስ ብሎ ጠየቃቸው።

መልሳቸው ዝግጁ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ የሚጠይቃቸው ሰው ነበር ያጡት። መጀመሪያ ሙዘይን። ምክንያቱም ቅርብ ነው፣ ሁልጊዜም ቦታው ላይ አለ። ቀጥሎ አንተ፣ አሉት ዓምሃን፤ ቶሎ ባትመጣም አትቀርም። ሩታ ሦስተኛ ትሁን፤ ሥራ ላይ ሆና የእኔ ስልክ ሲጠራ ትደነግጣለች። ከዚያ የንስሐ አባቴ። ቆየት ብለው ወደ እኔ ዞሩና መሳይንም አስገባው አሉ። አምስተኛ ነበርኩ።

ዓምሃ እንዴት ቢደረግ እንደሚያዩት ጠየቃቸው። በቀለም ይሻላል ወይስ በቦታ? ያኔ እትዬ ብርቅነሽ ቀና አሉ።

«ፊደል ጻፍልኛ» አሉ። «ፊደል አላውቅም ብላችሁ ነው?»

እውነቱን ለመናገር አያውቁም ብለን ነበር። የዕድር ወረቀት ሲመጣ ለዓለምፀሐይ እየሰጡ ያስነብቧት ነበራ። ለካ አለማወቅ አይደለም፤ ደቃቁ ጽሑፍ አይታያቸውም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከክፍላቸው አንደኛ ወጥተው የምስክር ወረቀት ተሸልመዋል። ወረቀቱን በግራ እጃቸው ከፍራሹ ሥር አውጥተው አሳዩን። ጥግ ጥጉ ተበልቷል፤ ስማቸው ግን በትልቁ ይነበባል። ፊት ይጠፋባቸዋል እንጂ ትልቅ ፊደል አይጠፋቸውም። ሩታም አታውቅም ነበር። አንድ ልጃቸው።

ዓምሃ ሦስተኛውን ላውንቸር ጫነ። ሙሉ ስም ከሆነ ፊደሉ እንደገና ይደቃል፤ አንድ አንድ ፊደል ይበቃል አሉ እትዬ። «ሙ» ጻፈ፤ የሙዘይን። ከጎኑ «ዓ»፤ የራሱ። ከታች «ሩ»፣ «ቄ»። የእኔ ላይ ሲደርስ ቆመ። «መ» ከ«ሙ» ጋር ይመሳሰላል፤ ለደከመ ዓይን አንድ ናቸው። እንዲህ ያለውን የሚያየው ሸሚዝ የሚገለብጥ ሰው ብቻ ነው። ለመሳይ ሌላ ፊደል ያስፈልጋል፣ ምን ልበለው፣ እትዬ አላቸው።

እትዬ ብርቅነሽ ብዙ አላሰቡም።

«‹ቸ› በለው፤ ቸኩሉ።»

ዓምሃ በፍጹም ቁም ነገር «ቸ» ብሎ ጻፈኝ። እስከ ዛሬ በዚያ ስልክ ላይ የተመዘገብኩት በዚህ ነው።

ከዚያ ያቺ ሰዓት መጣች። ስልኩ አዲስ ላውንቸር ሲገባለት አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። በዚህኛው ልጠቀም? ይላል፤ ከሥሩ ሁለት ምርጫ ይሰጣል። አንዱ «አንዴ ብቻ» ነው። ሌላው «ሁልጊዜ»።

የዓምሃ አውራ ጣት ከስክሪኑ በላይ ተንጠለጠለች። ይህን ሰው አውቀዋለሁ። ዕድሜ ልኩን «አንዴ ብቻ» ላይ የኖረ ሰው ነው። ልጨርሰው ብዬ እጄ ሊሄድ ነበር፤ ያዝኩት። እትዬ ብርቅነሽ ምን እንደተፈጠረ አላዩም፤ ዝምታው ብቻ ነው የተሰማቸው። ምን ሆናችሁ ብለው ጠየቁ። ዓምሃ ነገራቸው። ሁልጊዜ ካልኩት ይኸው ነው የሚሆነው፣ እትዬ፤ ባይስማማዎትስ አላቸው።

«ባይስማማኝ እነግርሃለሁ» አሉት። «አጥሩ ጎን አይደለህም እንዴ?»

ተጫነው። «ሁልጊዜ»ን። ድምፅ እንኳን የላትም ያቺ ቁልፍ። ዓምሃ ግን ከባድ ነገር እንዳወረደ ሰው ተነፈሰ፤ ከዚያ ግንባሩን ጠረገ።

እትዬ ብርቅነሽ ስልኩን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ጎንበስ ብለው አዩትና በግራ እጃቸው ጠቋሚ ጣት የመጀመሪያውን ሳጥን ነኩ። ጠራ። ሙዘይን አነሳ፤ ድምፁ በስልኩም ከሱቁም በኩል መጣ። ሁለት ዳቦ እንዲያስቀምጥላቸው አዘዙት። ከዚያ ራሳቸው ዘጉት። ከዚያ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እንደገና ደወሉና ሦስት አድርገው አሉት።

ይህ ከሆነ ወራት አልፈዋል። ጀሶው ወጥቷል፤ እጃቸው በብርድ ጊዜ ይጠዘጥዛቸዋል እንጂ ደህና ነው። ላውንቸሩ አልተቀየረም። ዓምሃ በየሳምንቱ ቅዳሜ ገብቶ ይመችዎታል ወይ ብሎ ይጠይቃቸዋል፤ ይመቸኛል ይሉታል፤ ደብተሩ ላይ ይጽፈዋል። ተለውጧል ብዬ አልዋሻችሁም። ባለፈው ሳምንት ሙዘይን ሱቅ የጥርስ ብሩሽ ሲመርጥ እኔ ፒያሳ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ እሱ በርጩማው ላይ ነበር። አልሳቅኩም ግን። አጠገቡ ቆምኩና የቱ ይሻላል ብዬ ጠየቅኩት። አብራራልኝ። እንዲያውም ደህና ነገር ተማርኩ።

በቅርቡ የእኔም ዓይን መድከም ጀምሯል። አምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የማተሚያ ቤት ብርሃንም ዓይን አይምርም። ስልኬን ይዤ ወደ ዓምሃ ሄድኩና እንደ እትዬ ብርቅነሽ አድርግልኝ አልኩት። ስልኩን ከመንካቱ በፊት ደብተሩን ከፈተና መጀመሪያ ማን ጋ ነው የምትደውለው አለኝ። ቀላል ጥያቄ መስሎኝ ነበር። መልሱ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ለቸኩሉ ሦስት ቀን ብዙ ነው።

በመጨረሻ የመጀመሪያው ሳጥን ላይ «ዓ» ጻፍልኝ አልኩት። ጻፈልኝ። ቁጥሩን ራሴ ቤት ገብቼ አስገባሁ። ዓምሃ ባለቤትህን ማስቀደምህ ጥሩ ነው አለኝ። ዓለምፀሐይም ስልኩን አየች፤ ያን ቀን ራቴ ላይ እንቁላል ተጨምሮልኛል። ሁለቱም ከእኔ ዐሥር እርምጃ ስለማይርቁ እስካሁን ያቺን ሳጥን ነክቼ አላውቅም። የአጥር ማዶው ሰው ቁጥር እንዳለባት የምናውቀው ስልኩና እኔ ብቻ ነን፤ አሁን ደግሞ እናንተ። ለዓለምፀሐይ አትንገሩብኝ። ለእሱም እንዲሁ።